ስለ ፒያኒስቱ ማን ይመስክር?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ይኸውም ብዙዎችን ስለቀረጸ አንድ ፒያኒስት ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ከታዋቂ ሙዚቀኞች ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስት ስለ ቢል ኢቫንስ ሕይወት የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም ከጓደኞቼ ጋር ተመልክቼ ነበር። እነ ዘፋኙ ቶኒ ቤኔትን የመሰሉ በዓለም የታወቁ ሰዎች በአንድ ፊልም ውስጥ ተሰባስበው ማየቴ አስደንቆኛል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን ማግኘትና ማሳመን የሚቻለው እንዴት ነው? በገንዘብ ይሆን? (መ. ተ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በገንዘብ አይደለም። በዘጋቢ ፊልም ሥራ ለምስክርነት ክፍያ መፈጸም የተለመደ አይደለም፤ የተከፈለበት ቃልም በተመልካች ዘንድ ክብደቱን ያጣል። እርስዎ የተመለከቱት ፊልም ዳይሬክተሩ ብሩስ ስፒገል ስምንት ዓመት ያህል የደከመበትና በ2015 ለእይታ የበቃ ሥራ ነው። እነዚያን ሰዎች ካሜራ ፊት ያስቀመጣቸው ኢቫንስ በሕይወታቸው ላይ የዋለው ውለታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለመረዳት ሰውየው ማን እንደነበር በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ቢል ኢቫንስ በ1929 በኒው ጀርሲ ግዛት በፕሌንፊልድ ከተማ ተወለደ። በ1958 የትራምፔት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን ቡድን ተቀላቅሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢለቅም፣ በቀጣዩ ዓመት «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተሰኘው አልበም ሲቀዳ ዴቪስ መልሶ ጠርቶታል። ከዚያም ከባስ ተጫዋቹ ከስኮት ላፋሮና ከድራመሩ ከፖል ሞቲያን ጋር ባቋቋመው ትሪዮ፣ ባስና ድራም ፒያኖውን ከኋላ ሆነው የሚያጅቡበትን ልማድ ትቶ ሦስቱም መሣሪያዎች እኩል የሚነጋገሩበትን አጨዋወት አመጣ። ጁን 25 ቀን 1961 በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ የቀዱትን ሙዚቃ የጃዝ ተማሪዎች ዛሬም እየደጋገሙ ያጠኑታል። ላፋሮ ከዚያ ቀረጻ በኋላ 11 ቀን ብቻ ቆይቶ በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ከኢቫንስ በኋላ የመጡት ስመ ጥር የጃዝ ፒያኒስቶች አብዛኞቹ የእሱ አሻራ የሚታይባቸው ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሰው በቅርብ ያወቀ ሙዚቀኛ «ስለ ኢቫንስ ይንገሩኝ» ሲባል የሚሰማው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ከሚሰማው ፈጽሞ የተለየ ነው። ዝነኛ ሰው ስለ ራሱ የሚቀርቡለትን ጥያቄዎች አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ መልሶቹንም እስኪሰለቹት ድረስ ደጋግሟቸዋል። ከልቡ ስለሚያከብረው ሰው ሲጠየቅ ግን ዕዳ እንደሚከፍል ሆኖ ይናገራል። በዚህም ምክንያት ለማናጀሩ የሚላከው ደብዳቤ የጠያቂውን ማንነት በመዘርዘር ሳይሆን አንድ የተወሰነ ሥራ በመጥቀስ ቢጀምር ይሻላል። ለምሳሌ ለጊታር ተጫዋቹ ለጂም ሆል «ስለ ቢል ኢቫንስ ሊያነጋግሩን ይችላሉ?» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «በ1962 ያለ ባስና ያለ ድራም ሁለታችሁ ብቻ በቀዳችሁት አልበም ላይ፣ ጊታርዎ ኢቫንስ ሶሎ ሲጫወት የባሱንም የከበሮውንም ቦታ እንዴት እንደያዘ ልንጠይቅዎ እንፈልጋለን» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ጠያቂው ሥራውን በጥሞና እንዳዳመጠ ወዲያው ይገባዋል። ሙዚቀኛን የሚያሳምነው የተደመጠ መሆኑ ነው።

ሌላው ነገር የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚጽፉት ለስመ ጥሩ ሰው ነው፤ በእኔ አስተያየት መጀመሪያ መሄድ ያለባቸው አብሮት በመድረክ የቆየው ድራመር ወይም ባስ ተጫዋች ዘንድ ነው። እነዚህ ሰዎች ብዙ የሚያውቁ ሆነው ሳለ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው፤ ከዚህም በላይ አንዱ ለሌላው ስልክ ደውሎ «ልጁ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ አነጋግረው» ሲል ማናጀሩ የዘጋው በር ይከፈታል።

ከሁሉም በላይ ግን ዕድሜ ይቀድማል። በዚያ ፊልም ውስጥ ድምፃቸው ከሚሰማው ሰዎች መካከል ፒያኒስቱ ቢሊ ቴይለር በዲሴምበር 2010፣ ፖል ሞቲያን በኖቬምበር 2011፣ የትሮምቦን ተጫዋቹ ቦብ ብሩክማየር ከሞቲያን ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ጂም ሆል በዲሴምበር 2013፣ የኢቫንስን ቀደምት አልበሞች ያዘጋጀው ኦሪን ኪፕኒውስ ደግሞ በማርች 2015 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሞቲያን የዚያ የ1961 ትሪዮ የመጨረሻው ሰው ነበር፤ እሱ ከሄደ በኋላ በዚያች የጁን ዕለት ላፋሮ ባሱን ይዞ ከኢቫንስ አጠገብ ቆሞ ሳለ መድረኩ ላይ ምን ይሰማ እንደነበር፣ ከውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው የለም። ዳይሬክተሩ «በጀቱ ይሟላ፣ ከዚያ እንጀምራለን» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናየው ሌላ ፊልም በሆነ ነበር። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ አንድ ካሜራና አንድ ጥሩ ማይክሮፎን ይዞ ወደ አዛውንቶቹ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ወጣቶቹና ገናናዎቹ ይደርሳሉ።

ጥያቄ፦ የፊልም ጥበብ ተማሪ ስሆን ስለ አንድ አንጋፋ ፒያኖ ተጫዋች አጭር ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ እገኛለሁ። እስካሁን ያነጋገርኋቸው ዝነኛ ድምፃውያን በሙሉ «ታላቅ ሰው ነው፤ እንደ እሱ ያለ አይገኝም» ከማለት ያለፈ ነገር አልነገሩኝም። ችግሩ ያለው ከእኔ ጥያቄ ነው ወይስ ከእነሱ? (ሕ. ወ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ችግሩ ያለው ከጥያቄው ነው፤ ይህንንም በግልጽ የምነግርዎ ሊስተካከል የሚችል ስለሆነ ነው። «ስለ እገሌ ምን ይሰማዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምስጋና ከማቅረብ በስተቀር ምን ምርጫ አለው? በእኛ ዘንድ ደግሞ የሞተ ሰው በክፉ አይነሳም፤ አንጋፋው በሕይወት ካለም ይሉኝታው ይበረታል። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ ምስጋናን እንዳያስተናግድ ሆኖ መቀረጽ አለበት።

ዝነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ተነግሮ የለሰለሰ ታሪክ ይዞ እንደሚመጣ አስቀድመው ይወቁ። ቶኒ ቤኔትና ቢል ኢቫንስ በ1975 በካሊፎርኒያ በበርክሊ ከተማ፣ ከዘፋኙ ድምፅና ከፒያኖው በስተቀር ሌላ ምንም የማይሰማበት አልበም ሠርተዋል፤ በቀጣዩም ዓመት ሁለተኛውን ቀድተዋል። ቤኔት ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ የሚያወጋው አንድ ታሪክ ነበረው፤ ኢቫንስ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ስልክ ደውሎ እውነትንና ውበትን ብቻ እንዲከተል፣ ሌላውን ሁሉ እንዲተወው እንደመከረው ይናገር ነበር። ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው፤ ማንም ፊልም ሠሪ ሊያስቀረው አይፈልግም። ነገር ግን ይህን ታሪክ አድማጩ ከሌላ ቦታም ሰምቶታል፤ ስለ ፒያኖ አጨዋወቱም የሚነግረን ጥቂት ነው።

ብልህ ጠያቂ እንዲህ ያለውን ታሪክ አያቋርጥም። ተራኪው እስከ መጨረሻው እንዲያወጋው ይተወዋል፤ ምክንያቱም ዋናውን ታሪኩን ያልተናገረ ሰው አእምሮው ከዚያው ጋር ታስሮ ስለሚቆይ ለሌላ ጥያቄ ነፃ አይሆንም። ታሪኩ ሲያልቅ ግን የሥራ ጥያቄ ይከተላል። ኢቫንስ አንገቱን ደፍቶ፣ ግንባሩ ቁልፎቹን ሊነካ እስኪቃረብ አጎንብሶ ይጫወት እንደነበር ፎቶግራፎቹና ፊልሞቹ ያሳያሉ። ታዲያ ድራም በሌለበት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት በማይቻልበት ሁኔታ ዘፋኙ መግቢያው እንዳለቀ በምን ያውቅ ነበር? ትንፋሹን ሲስብ ፒያኒስቱ ይጠብቀው ነበርን? ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ የሚመርጠው ማን ነበር? አንድ ስንኝ ሲረዝምበት ፒያኖው ከሥሩ ምን ያደርግ ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጥ መልስ ውስጥ «ታላቅ ሰው ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ ተመልካቹ ግን ታላቅነቱን ከመልሱ ውስጥ ራሱ ያገኘዋል።

የሚጠየቀው ሰው ፒያኒስት ከሆነ ደግሞ ቃለ መጠይቁን ሶፋ ላይ ማድረግ ትልቅ ብክነት ነው። ፒያኖው አጠገብ ያስቀምጡት፤ ካሜራውን በእጁ ከፍታ ያድርጉት። ከኢቫንስ አጨዋወት አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በግራ እጁ የሚይዛቸው ኮርዶች (በአንድ ጊዜ አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብዙ ጊዜ ኮርዱ ስያሜውን ያገኘበትን መሠረታዊ ድምፅ አይጨምሩም፤ ያንን ድምፅ ለባስ ተጫዋቹ ትቶ መሐሉን ብቻ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ባሱ እንደ ልቡ የመንቀሳቀስ ነፃነት ያገኛል፤ ሙዚቃውም መሬት ያልነካ ያህል ቀላል ይሆናል። ይህን በቃል ማስረዳት ለሙዚቃ ሰው እንኳን አድካሚ ነው። ተጠያቂው ግን ያንኑ ኮርድ መጀመሪያ ከነመሠረቱ፣ ቀጥሎም ያለ መሠረቱ ቢመታው፣ ኖታ አይቶ የማያውቅ ተመልካች እንኳን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ልዩነቱን ይሰማል። ደግሞም ፒያኒስቶች እጃቸው ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ንግግራቸው ይለወጣል፤ ስለ ሰው ስሜት መናገሩን ትተው ስለ ሥራው መናገር ይጀምራሉ።

በዚህ ረገድ ሁለት የቆዩ ቀረጻዎችን ፈልገው ቢያዳምጡ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ይማሩባቸዋል። አንደኛው ፒያኒስቷ ማሪያን ማክፓርትላንድ በ1978 ለአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ከኢቫንስ ጋር ያደረገችው ውይይት ነው። ጠያቂዋ ራሷ ፒያኒስት በመሆኗ በሁለት ፒያኖዎች እየተጫወቱ ይነጋገራሉ፤ እሷ «እንዴት ነው የምታደርገው?» ስትል እሱ ከማስረዳት ይልቅ ያሳያታል። ሁለተኛው በ1966 የተሠራ አጭር ፊልም ሲሆን፣ በውስጡ ኢቫንስን የሚያነጋግረው የሙዚቃ መምህር የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሃሪ ነው። ኢቫንስ በዚያ ፊልም ላይ ጀማሪዎች ሙሉውን ሙዚቃ በግምት ለመምሰል ከሚሞክሩ ይልቅ ጥቂቱንና ቀላሉን በእርግጠኝነት ቢሠሩ እንደሚሻል ፒያኖው ላይ እያሳየ ይከራከራል። ወንድሙ ይሞግተዋል፤ በዝናው አይደነግጥም፤ ያልገባውንም አልገባኝም ይላል። ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቅ ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ ከማንም ጋዜጠኛ ጥያቄ የሚለየው በዚህ ነው። እርስዎም ፒያኖ ተጫዋቹን በሚገባ የሚያውቅ ወንድም፣ የልጅነት ጓደኛ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካገኙ፣ ራስዎ ከመጠየቅ ይልቅ እሱ እንዲጠይቅ አድርገው ካሜራውን ይዘው ወደ ኋላ ማለትን ያስቡበት።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ ላንሳ። ከቃለ መጠይቁ መሐል ለተጠያቂው የጆሮ ማዳመጫ ይስጡትና አብሮ የተጫወተበትን ቅጂ ያሰሙት፤ ፊቱን ብቻ ይቅረጹ፤ እርስዎም ዝም ይበሉ። ሰዎች ለዓመታት ያልሰሙትን የራሳቸውን ሥራ ሲሰሙ አንድ ቦታ ላይ ፈገግ ይላሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ማዳመጫውን ሲያወርዱ የሚጠየቀው ጥያቄ «እዚያ ጋ ምን ሰምተው ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሙዚቀኞች ስለ አንድ ዘፈን አፈጣጠር እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ነገሩኝ። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። የማንን ልቀበል? (ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይያዙ፤ ነገር ግን እኩል እንደሆኑ አድርገው አያቅርቧቸው። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ላይ ያለው «ብሉ ኢን ግሪን» የተሰኘው ሙዚቃ ደራሲው ማይልስ ዴቪስ እንደሆነ አልበሙ ላይ ተጽፏል። ኢቫንስ ግን ዴቪስ ሁለት ኮርዶች ብቻ እንደሰጠውና ሙዚቃውን የጻፈው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናግሯል፤ ቀደም ሲል በጠቀስሁት የ1978 የሬዲዮ ውይይት ላይም ጥያቄው ተነሥቶ የራሱ መሆኑን አረጋግጧል። እንዲህ ባለው ጉዳይ ፊልም ሠሪው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሆኖም ሊመረምራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተናጋሪው በቀረጻው ዕለት በቦታው ነበር ወይስ ከሌላ ሰው ሰማ? ቃሉን የሰጠው በዚያው ሰሞን ነው ወይስ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ? ከዚያ ታሪክ የሚያገኘው ጥቅም ወይም ክብር አለን? በእጅ የተጻፈ ኖታ፣ የስቱዲዮ መዝገብ ወይም ያልታተመ ቅጂ ከተገኘ ደግሞ ከማንም ሰው ትዝታ ይቀድማል።

ሁለቱን ተቃራኒ ቃሎች በኤዲቲንግ ጊዜ ጎን ለጎን ከማስቀመጥዎ በፊት ለሁለቱም ሰዎች ሌላኛው ያለውን መንገርና ምላሽ እንዲሰጡ ዕድል መስጠት ግዴታዎ ነው። ያለዚያ ሁለት አንጋፋዎችን ሳያውቁት በአደባባይ ማጣላት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ሙዚቀኛ ሱስ የቀድሞ ባልደረቦቹን መጠየቅ ተገቢ ነው? ቤተሰቡ ባይነሳ ይመርጣል፤ እኔ ደግሞ እውነቱ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። (ዳ. አ.፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሱሱ በሙዚቃው ላይ ያደረሰው ነገር ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሌለ ግን የሰው ገመና ነው። ኢቫንስ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሄሮይን ሱሰኛ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ኮኬይን ጎዳው፤ በሴፕቴምበር 1980 በ51 ዓመቱ ሞተ። ይህን ትቶ ስለ እሱ ፊልም መሥራት አይቻልም፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በቀጥታ እጁ ላይ ደርሷል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መርፌ የቀኝ ክንዱን ነርቭ ጎድቶት በአንድ እጁ ብቻ በመድረክ ላይ እንደተጫወተ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሙዚቀኛ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ስለ ፒያኖ ስለሚሆን ተጠያቂውም ወዳጁን የከዳ አይመስለውም።

ዋናው ጉዳይ ማን ይጠየቅ የሚለው ነው። የመጨረሻው የኢቫንስ ትሪዮ ድራመር ጆ ላባርበራ ኢቫንስ የሞተ ዕለት በመኪናው ወደ ሆስፒታል የወሰደው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲናገር የተናገረው ነገር ዋጋ የከፈለበት ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ሐሜት አይሆንም። በአንጻሩ ከኢቫንስ ጋር አንድ ምሽት ብቻ የተጫወተ ገናና ሰው ስለ ሱሱ ቢናገር፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ከፊልሙ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ ቤተሰቡን ሲያነጋግሩ ጉዳዩን አንስተው፣ እነማን እንደሚናገሩና ስለ ምን እንደሚጠየቁ በግልጽ ይንገሯቸው። ብዙውን ጊዜ ቤተሰብን የሚያስፈራው እውነቱ ሳይሆን የማያውቁት ሰው በድፍረት የሚናገረው ነገር ነው። ተጠያቂውም ከቀረጻው በኋላ «ይህ ቢቀር» ቢል፣ ያ ክፍል ከመታተሙ በፊት ሊያየው እንደሚችል አስቀድመው ይስማሙ።

ጥያቄ፦ በኢየሩሳሌም እኖራለሁ። ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሲወራ የውጭ አገር ሙዚቀኞች አድናቆት ይበዛል፤ ከእኛ ወገን ግን የሚናገር ሰው አይታይም። ስለ እሳቸው ወይም ስለ ሌሎች የእኛ ፒያኖ ተጫዋቾች ፊልም ቢሠራ ማን ሊጠየቅ ይገባል? (ወ. ገ.፣ ከኢየሩሳሌም)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም የከበደኝ ነው፤ ምክንያቱም የእማሆይ ጉዳይ እስካሁን ከተናገርሁት ሁሉ የተለየ ነው። እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም በካይሮ ተምረዋል። በወጣትነታቸው በግሼን ማርያም መንኩሰው ለዓመታት በዚያ ቆዩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ በጀርመን ታተመ፤ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ፤ በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው እዚያው ዐረፉ። ዓለም በስፋት ያወቃቸው በ2006 ሥራዎቻቸው በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች 21ኛ ቅጽ ሆነው ከወጡ በኋላ ነው።

ልብ ይበሉ፤ እማሆይ ባንድ አልነበራቸውም። በመድረክ አብሯቸው የቆመ ድራመር፣ በስቱዲዮ ትንፋሻቸውን የተከተለ ዘፋኝ የለም። ስለዚህ ስለ እሳቸው የሚናገር ታዋቂ ሙዚቀኛ በአብዛኛው አድናቂ እንጂ ምስክር ሊሆን አይችልም። አድናቂ መጠየቁ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ፊልሙ በአድናቂዎች ቃል ከተሞላ የምናየው እማሆይን ሳይሆን እማሆይን የሚያደንቁ ሰዎችን ነው። ምስክሮቹ በእርስዎ ከተማ የሚገኙት የገዳሙ መነኮሳት፣ ወደ ክፍላቸው ገብተው ፒያኖውን የሰሙ ምእመናን፣ ዘመዶቻቸው፣ ፒያኖውን የቃኘ ባለሙያ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም ተብለው ይታለፋሉ፤ በምን ሰዓት ይጫወቱ እንደነበር፣ በፀሎትና በሙዚቃ መካከል ቀናቸውን እንዴት ይከፍሉ እንደነበር፣ አንድን ዜማ ስንት ጊዜ እንደሚደጋግሙት የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። ታዋቂ ፒያኒስት የሚያስፈልገው ለሌላ ተግባር ነው፤ የእሳቸውን ኖታ ከፊቱ አድርጎ፣ የቅኝቶቻችን ዜማና የአውሮፓ ፒያኖ በእጃቸው ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ በቁልፎቹ ላይ እንዲያሳይ። እሱንም ቢሆን «ስለ እማሆይ ምን ይሰማዎታል?» ሳይሆን «ይህን ሐረግ ሲጫወቱት እጅዎን የሚያስቸግረው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ባንድ ውስጥ ስለሠሩት ፒያኒስቶቻችን ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ እያለፈብን ነው። ፒያኒስትና አቀናባሪው ግርማ በየነ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙ ዘፈኖችን ያቀናበረ፣ ከአርቲስት ዓለማየሁ እሸቴ ጋርም በስማቸው የተጠራ ባንድ የመሠረተ ሰው ነው፤ ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ከኖረ በኋላ በ2017 እንደገና አልበም አሳትሟል። ዓለማየሁ በሴፕቴምበር 2021 ዐርፏል። በዚያ ቅንብር ላይ መዝፈን ምን ይመስል እንደነበር፣ የትኛውን መግቢያ ግርማ በስቱዲዮ እንደቀየረው፣ ማን እንደተከራከረው ከዘፋኙ አንደበት መስማት የሚቻልበት ዕድል አብሮት ሄዷል። የዚያ ዘመን የሳክስፎን፣ የጊታርና የድራም ተጫዋቾች ግን አሁንም በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተን አካባቢም፣ በሌላም ከተማ አሉ። ከእነሱ ጋር በስልክም ቢሆን ድምፅ መቅዳት የሚችል ሰው ሙሉ ፊልም እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ የሚሰጠን ፒያኒስት የታወቀ ዜማ ቢጫወትልን ፈቃድ ያስፈልገናል? ለድምፁስ ምን ጥንቃቄ እናድርግ? (የፊልም ክበብ አባላት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል። አንድ ሙዚቃ ሁለት ዓይነት መብት አለው፤ አንደኛው የዜማውና የግጥሙ ደራሲ፣ ሁለተኛው የታተመው ቅጂ ባለቤት መብት ነው። ተጠያቂያችሁ ዜማውን በራሱ እጅ ፒያኖ ላይ ቢጫወተው የቅጂው ባለቤት ፈቃድ አያስፈልግም፤ የደራሲው ግን ያስፈልጋል፤ የተጫዋቹም ስምምነት እንዲሁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አሮጌውን ቅጂ ከማሰማት ይልቅ ተጠያቂው እንዲጫወተው ማድረግ ወጪን ስለሚቀንስ አነስተኛ በጀት ላላቸው ፊልም ሠሪዎች ጠቃሚ መንገድ ነው።

ስለ ድምፁ፣ ፒያኖው በቀረጻው ዕለት ጠዋት ይቃኝ፤ በሌላ ቀን የተቃኘ ፒያኖ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ይለወጣልና። ለንግግሩ አንድ ማይክሮፎን በተጠያቂው ልብስ ላይ፣ ለፒያኖው ደግሞ ሌላ ሁለት ይመደቡ፤ ሁሉም በየራሳቸው ትራክ (የተለየ የድምፅ መስመር) ይቀዱ፤ ሰውየው እየተጫወተ ሲናገር ከሁለቱ አንዱን ከፍ ዝቅ ማድረግ የምትችሉት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ወንበሩ የሚንሳጠጥ ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ይቀዳ፤ ለኤዲቲንግ ያስፈልጋችኋል። የፈቃድ ውሉንም እንግዳው ከመሄዱ በፊት እዚያው አስፈርሙት።